ቀይ እስክሪብቶዬና የበቆሎ መፈልፈያው

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ጊዜ ያላችሁ አሁን አንብቡት፣ የሌላችሁ ለማታ አቆዩት። በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ መጨረሻ ላይ ይቅርታ የምጠይቃችሁ ነገር አለ።

አምና ክረምት ላይ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ እቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለና «ቲቸር፣ ላስቸግርህ ነው» አለኝ። አሥረኛ ክፍል አማርኛ ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን ትንሽ ብየዳ ቤት አለው፤ በርና መስኮት ይሠራል። ስሙን አልጠራም፣ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል። ማመልከቻውም ከገባ ቆይቷል።

ልጁ በእጅ የሚዞር የበቆሎ መፈልፈያ ሠርቷል። በቆሎ የፈለፈለ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ ቆረቆንዳ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ነው። ክፍተቱ የማይለወጥ መፈልፈያ ወፍራሙን ያደቀዋል፣ ቀጭኑን ደግሞ ፍሬው ሳይረግፍ ያሳልፈዋል። የእሱ መላ ከከበሮው ፊት ለፊት የሚቆመውን ላሜራ በሞላ ማስደገፍ ነበር። ወፍራም ሲመጣ ላሜራው ወደ ኋላ ይላል፣ ቀጭን ሲመጣ ይጠጋል። ሞላ የምላችሁ ስፕሪንጉን ነው። በቃ፣ ነገሩ ይኼው ነው። ቀላል ይመስላል፤ እሱ ግን ሦስት ክረምት ፈጅቶበታል።

አስመዝግበው ብለው ሲመክሩት ሄዶ ጠየቀ። የሚፈለገው የፈጠራው መግለጫ፣ ሥዕልና «የእኔ የምለው እስከዚህ ድረስ ነው» ብሎ ወሰኑን የሚያሰምርበት የይገባኛል ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ ብረቱን ጨርሻለሁ፤ አማርኛው ነው ያቃተኝ» አለኝ። ከማመልከቻው በፊት ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረው። ውጭ አገር ፓተንት የተሰጠው አንድ የበቆሎ መፈልፈያ ከኢንተርኔት አግኝቶ ሰነዱን በእንግሊዝኛ አሳትሞታል። የእሱ ከዚያ በምን እንደሚለይ ለማወቅ እንድተረጉምለት ፈለገ።

እኔ በአማርኛ ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ነኝ። ከማስተማሩ ጎን ለጎን የልደት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ እተረጉማለሁ፤ የመምህር ደሞዝ ታውቁታላችሁ። ፓተንት ግን በእጄ ይዤ አላውቅም። ስድስት ገጽ ወረቀት አይቼ «ሁለት ቀን ስጠኝ» አልኩት።

ስተረጉም መጀመሪያ የገረመኝ የይገባኛል ጥያቄው ነው። ግማሽ ገጽ ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር! በኋላ እንደተረዳሁት በእንግሊዝኛ የፓተንት አጻጻፍ እያንዳንዱ የይገባኛል ጥያቄ አንድ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት። እኔ ያን ጊዜ ስህተት መሰለኝ። ተማሪ እንዲህ ጽፎ ቢያመጣልኝ ምን እንደምለው ታውቃላችሁ፦ «ትንፋሽ አጠረኝ፣ ቆራርጠው»። ቆራረጥኩት። ሰባት ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ወጣው። ሳነበው ደስ አለኝ፤ አማርኛው ኩልል ብሎ ይፈሳል።

በቀጠሮው መጣና ተቀምጦ አነበበ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ደግሞ አነበበው። ከዚያ የራሱን ሥዕል ቀስ ብሎ አጣጠፈና ኪሱ ከተተው።

«ምነው?»

«ተቀድሜያለሁ ቲቸር። እነሱም ሞላ አድርገውበታል።»

እኔ ምን እላለሁ? የወረቀቱን ነገር አላውቅም፤ የማውቀው የተረጎምኩትን ነው። ትርጉሜ እንዲህ ይላል፦ «መክተቻው ክዳን አለው። ከሥሩም የሚዞር ከበሮ ይገኛል። በሞላ ተይዞ እንደ ሁኔታው ይጠብቃል፣ ይላላል።» ልጁ «ይጠብቃል፣ ይላላል» የተባለው ከበሮው ነው ብሎ ገባው። ልክ ነው፤ ማንም ቢያነበው እንደዚያ ይገባዋል።

ቡና ፈላ፣ ዝም ተባባልን። ሦስት ክረምት የሠራውን ነገር በእኔ ሰባት ዓረፍተ ነገር ሊተወው ነው። እንደ አጋጣሚ ሆኖ የእንግሊዝኛው ወረቀት ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልጁ በብረት ሠራተኛ ዓይን አየውና «ቆይ፣ 14 ቁጥር ምንድነው?» አለኝ። 14 ቁጥር ሞላው ነው። በሥዕሉ ላይ ሞላው ያለው ክዳኑ ላይ ነው! ለካ የእነሱ ሞላ መክተቻው እንዳይከፈት ክዳኑን ይዞ የሚዘጋ ብቻ ነው። ከከበሮው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

እንግሊዝኛው አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩትም ባማረ አማርኛ ነው። የቋንቋችንን ጠባይ አስቡት፦ ግሳችን ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ይሄዳል። «ይላላል» ስንል «እሱ» ማለት አያስፈልገንም። ለወግ የሚመች ነገር ነው። ግን ክዳንም «እሱ» ነው፣ ከበሮም «እሱ» ነው። አንዱን ረጅም ዓረፍተ ነገር ስቆራርጠው ሞላውን ከክዳኑ ጋር ያሰረውን ገመድ አብሬ ቆረጥኩት።

በዚያ ማታ እንደገና ተረጎምኩት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። አማርኛ ደግሞ ገላጩን አስቀድሞ ስሙን መጨረሻ ነው የሚያደርገው፤ ስለዚህ አንባቢው ስለ ምን እንደሚወራ ሳያውቅ ግማሽ ገጽ መጓዝ አለበት። እንደኛው ስሙን መጨረሻ የሚያስቀምጡት ጃፓኖችም የይገባኛል ጥያቄያቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደሚጽፉ ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። እንዲህ ወጣ፦ «አንድ መክተቻ፣ በመክተቻው አፍ ላይ በማጠፊያ የተገጠመ አንድ ክዳን፣ ክዳኑን ዘግቶ የሚይዝ አንድ ሞላ፣ እና ከመክተቻው በታች የሚዞር አንድ ከበሮ ያለው የበቆሎ መፈልፈያ መሣሪያ»። ያምራል? አያምርም። ሞላው የማን እንደሆነ ግን የሚጠራጠር የለም።

እዚህ ላይ የተማርኩ መስሎኝ ነበር። ምንም አልተማርኩም፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የልጁን ማመልከቻ ስጽፍ ሌላ ጥፋት ሠራሁ።

ልጁ በደብተር አሥር ገጽ ጽፎ አምጥቷል። ከላይ እስከ ታች «ከበሮው፣ ከበሮው፣ ከበሮው» ይላል። በአንድ ገጽ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ። እጄ ለመደና አስተካከልኩት፤ አንድ ቦታ «ከበሮ»፣ ሌላ ቦታ «በርሜል»፣ ሲሰለቸኝ ደግሞ «ሲሊንደር» አልኩት። ቃል መደጋገም የጽሑፍ ድህነት ነው ብዬ ስንቱን ተማሪ የቀጣሁ ሰው እኮ ነኝ። «ሞላ» የሚለውንም አልወደድኩትም። አንደኛ ከጣሊያንኛ የመጣ የጋራዥ ቃል ነው፤ ሁለተኛ «ሞላ» ማለት «ጢም አለ» ማለትም ነው፣ ዓይን ያደናግራል። «ተስፈንጣሪ ሽቦ» አልኩት። ልጁ አንብቦ «ቲቸር፣ ይሄ ሞላዬ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ፣ በጥሩ አማርኛ» አልኩት። ዝም አለ። መምህሩ ነኛ።

ማመልከቻው ገባ። ከወራት በኋላ ማብራሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ መጣ። ልጁ ደብዳቤውን ይዞልኝ ሲመጣ የተሰማኝን ልንገራችሁ፦ ቀይ እስክሪብቶ በእኔ ላይ ሲሰመር የመጀመሪያዬ ነበር። ሦስት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ከበሮ፣ በርሜልና ሲሊንደር የተባሉት ሦስት የተለያዩ ክፍሎች ናቸው ወይስ አንድ? ሦስት ከሆኑ ሥዕሉ ላይ ሁለቱ የሉም። ሁለተኛ፣ ተስፈንጣሪ ሽቦ የተባለው ምንድነው? ሦስተኛ፣ «የብረት ጥርስና ወንፊት» ሲባል ብረት የሆነው ጥርሱ ብቻ ነው ወይስ ወንፊቱም?

ሦስቱም ጥያቄ ትክክል ነው። ሦስቱም የእኔ እጅ ነው።

ሦስተኛውን ልብ በሉ፤ በየቀኑ የምንናገረው ነገር ነው። «የብረት ጥርስና ወንፊት»። የ«የ» ዳኝነት እስከ የት ይደርሳል? በወሬ መካከል ማንም አይጠይቅም። እዚህ ግን ወንፊቱም የብረት ነው ከተባለ፣ ነገ አንድ ሰው ያንኑ ማሽን በፕላስቲክ ወንፊት ሠርቶ «የእኔ ሌላ ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ «ከብረት የተሠሩ ጥርሶች፣ እና ከማንኛውም ቁስ ሊሠራ የሚችል ወንፊት» ሆነ። አስቀያሚ፣ ግን አጥር ያለው።

መልሱን ስንጽፍ ሦስት ማታ አብረን ተቀመጥን። በዚህ ጊዜ ግን እኔ አጠገቡ ተማሪ ሆኜ ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ እሱ «ይሄን አንብቦ ሌላ ብየዳ ቤት ያለ ልጅ ማሽኑን ይሠራዋል?» ብሎ ያስባል። ሕጉም ቢሆን የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው፦ መግለጫው የሙያው ሰው አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ ግልጽ መሆን አለበት። የሙያው ሰው ደግሞ «ተስፈንጣሪ ሽቦ» አይልም። ሞላ ነው የሚለው። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንደላ፣ ኩሽኔታ ነው የሚለው። ሞላ ተመለሰ።

መጀመሪያ «ሞላ ወይም ስፕሪንግ» ብዬ ጽፌ ነበር፣ ሁሉም እንዲገባው። ልጁ «ሁለት ዕቃ አስመሰልከው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የእኛ «ወይም» አንድን ነገር በሁለት ስም ሲጠራም፣ ሁለት ነገሮችን ሲያማርጥም ያው ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሞላ ምን እንደሆነ ገለጽን፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ሞላ ብቻ።

«አንድ» የምትለዋም አጣላችን። እኔ «አንድ» በየቦታው ሲገባ የእንግሊዝኛ ተጽዕኖ ነው ብዬ የምሰርዝ ሰው ነኝ። እዚህ ግን ታስፈልጋለች፤ ዕቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ «አንድ ሞላ»፣ ከዚያ በኋላ «ሞላው»። እንደዚያ ካልሆነ «ሞላው» ሲባል የትኛው ነው ይባላል። ልጁ ግን ሌላ ነገር አየ፦ «አንድ ሞላ ካልን፣ ሁለት ሞላ ያደረገ ሰው ከአጥሩ ውጪ ነው ማለት አይደል?» አለ። ነው! የእኛ «አንድ» ቁጥርም ነው። ስለዚህ «ቢያንስ አንድ ሞላ» ሆነ። «ከሦስት ረድፍ ጥርስ የተሠራ» ብዬ የጻፍኩትም «ቢያንስ ሦስት ረድፍ ጥርስ ያለው» ተባለ። እንግሊዝኛው ለዚህ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ አንዱ «እነዚህ አሉት፣ ሌላም ሊኖረው ይችላል» ማለት ነው፣ ሌላው «እነዚህ ብቻ» ማለት ነው። እኛ «ያለው» እና «ብቻ ያለው» እያልን እንለያቸዋለን፣ ካሰብንበት።

ስለ «ቢያንስ» ካነሳሁ የጤፉን ጉዳይ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ለአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ሰጥቶ ነበር፤ እዚህ አገር ስንት እንዳንጨረጨረን ታስታውሳላችሁ። ያ የይገባኛል ጥያቄ ያረፈው በአንድ ቁጥር ላይ ነው። ፎሊንግ ነምበር የሚባል የዱቄት መለኪያ አለ፤ እህሉ በሚፈጭበት ጊዜ ይህ መለኪያ ቢያንስ 250 የሆነ ዱቄት የእኔ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድ የተመዘገበውን ይህንን ፓተንት የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ ውድቅ አደረገው። ውድቅ የሆነው በቃላት አይደለም። ግን እስከዚያ ድረስ የማን ዱቄት ከአጥሩ ውስጥ ነው፣ የማን ውጪ ነው የሚለውን የሚለየው ያቺ «ቢያንስ» ነበረች። አሁን እኔ ብተረጉመው፣ እንደ ልማዳችን «ከ250 በላይ» ልል እችል ነበር። በወሬ አንድ ናቸው። በወረቀት ግን ልክ 250 የሆነው ዱቄት በአንዱ ታስሯል፣ በሌላው ነጻ ነው።

የልጁ ነገር የጤፍን ያህል አይደለም፣ ገባኝ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ አዋጅ፣ ቁጥር 123፣ ለፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለ5 ዓመት ይራዘማል። የልጁ በአነስተኛ ፈጠራ ነው የገባው፤ እሱ 5 ዓመት ነው፣ ለሌላ 5 ሊታደስ ይችላል። ለእሱ ግን 5 ዓመት ማለት ብድር ወስዶ፣ ሁለት ልጅ ቀጥሮ፣ ማሽኑን እየሸጠ የሚቆምበት ጊዜ ነው። በእኔ «በርሜል» እና «ሲሊንደር» ምክንያት ወራት ባከኑበት።

ታዲያ ሰዋስው ይጥበቅ ወይስ ይላላ? እኔ አሁን እያንዳንዱን ደንብ ስይዝ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፦ ይሄን ደንብ ብለቀው የሚጎዳ ሰው አለ? «የ» እስከ የት እንደሚደርስ፣ ግሱ የማን እንደሆነ፣ «አንድ» እና «ብቻ» እና «ቢያንስ» የት እንደሚገቡ ብለቅ ልጁ ይጎዳል። እዚያ ላይ ከድሮውም የበለጠ ጨካኝ ሆኛለሁ። «ሞላ» የጣሊያን ነው፣ «ከበሮ» አሥራ አንድ ጊዜ ተደገመ፣ ዓረፍተ ነገሩ ረዘመ ብዬ ብለቅ ግን የሚጎዳው የእኔ ጆሮ ብቻ ነው። የእኔ ጆሮ ይቻለው።

ፊደሉስ? ለ«ሰ» እና ለ«ሠ»፣ ለ«ሀ» እና ለ«ሐ» የምሟገት ሰው ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። «መሣሪያ» በንጉሡ ሠ ነው ብዬ አሁንም እሟገታለሁ። «መሳሪያ» ብሎ የጻፈ መብቱን አያጣም። ግን አንድ ሰነድ ውስጥ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ከጻፋችሁት፣ ነገ በኮምፒውተር የሚፈልገው ሰው ግማሹን አያገኘውም፤ ማሽን ሁለቱን እንደ ሁለት ቃል ነው የሚያያቸው። ስለዚህ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው አብራችሁት ዝለቁ። እዚህ ላይ ጥብቅነቴ ቀረ፣ ምክንያቴ ግን ተለወጠ።

አሁን ወደ ይቅርታው ልምጣ።

በመጨረሻው ማታ ሥራውን ጨርሰን ሻይ ስንጠጣ ልጁ እየሳቀ «ቲቸር፣ አሥረኛ ክፍል የሰጠኸኝን ድርሰት ታስታውሳለህ?» አለኝ። አላስታወስኩም። «ከአባቴ ጋር ወፍጮ ስንጠግን ያየሁትን ጽፌ ነበር። ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ ያልኩትን ሁሉ በቀይ አክብበህ ‹የውጭ ቃል› አልክበት። ‹ኩሽኔታው› ስለደጋገምኩም ቀነስክብኝ። ከ20፣ 11።»

ሳቅኩ። ከዚያ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አስቡት፤ ልጁ ያን ጊዜ የጻፈው ልክ አሁን የተጠየቀውን ዓይነት ጽሑፍ ነው። አንድን ዕቃ በአንድ ስም እየጠራ፣ በሙያው ቃል፣ ሌላ ሰው አንብቦ ሊሠራው በሚችል መንገድ። ያንን አጻጻፍ በቀይ እስክሪብቶ ያስተውኩት እኔ ነኝ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ «አማርኛው ነው ያቃተኝ» ብሎ የመጣውም ያን ጊዜ እንደማይችል ስለነገርኩት ይሆናል። አማርኛው አላቃተውም ነበር።

ስለዚህ እንደሱ ያከበብኩባችሁ፣ «ድርሰትህ ደረቅ ነው»፣ «ቃል ደጋገምሽ» ያልኳችሁ ተማሪዎቼ፣ ይቅርታ። ሁላችሁንም አይደለም! ዝም ብላችሁ ደብተር የሞላችሁ አላችሁ፤ እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ዘንድሮ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። በአንድ ሳምንት ሁለት ጽሑፍ አስጽፋለሁ። አንዱ የሠፈራቸውን ክረምት የሚገልጽ ድርሰት ነው፤ እዚያ ቃል መደጋገም ክልክል ነው። ሌላው ማጭድ እንዴት እንደሚሳል፣ ጀበና እንዴት እንደሚጣድ፣ የብስክሌት ጎማ እንዴት እንደሚለጠፍ ነው፤ እዚያ ደግሞ ለአንድ ዕቃ ሁለት ስም መስጠት ክልክል ነው። የሁለተኛውን ጽሑፍ የማርመው እኔ አይደለሁም። ሌላ ተማሪ አንብቦ እንደተጻፈው ያደርጋል፤ ከተሳሳተ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ታዲያ የትኛው ነው ትክክለኛው አማርኛ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ለማን ነው የጻፍሽው?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና አንዱን ከበበች። ጎበዝ።

የልጁ መልስ ገብቷል። ውሳኔው ገና ነው፤ እየጠበቅን ነው። ብየዳ ቤቱ ስሄድ በፊት «ቲቸር ግባ» ብቻ ነበር፤ አሁን «ቲቸር፣ ይሄን አንብበው እስቲ» እያለ የደረሰኝ ሥራ እንኳን ሳይቀር ያሳየኛል።

እናንተም የሆነ ነገር የሠራችሁ ካላችሁ ሁለት ምክር። ማመልከቻ ሳታስገቡ ፎቶውንም ሥዕሉንም እዚህ ፌስቡክ ላይ አትልቀቁ፤ በአዲስነቱ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ሁለተኛ፣ መግለጫውን መጀመሪያ ራሳችሁ ጻፉት፣ በምትናገሩበት ቃል። ከዚያ ለሚያስተካክልላችሁ ሰው ስትሰጡ፣ ሲመልስላችሁ «ይሄ ሞላዬ ነው?» ብላችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ። መምህራችሁም ቢሆን።

ሰላም እደሩ።